ጠንካራ ውሃ ባለበት ከተማ ፊልም ማጠብ፦ ለየትኛው ደረጃ የትኛው ውሃ?

ድሬዳዋ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ቀፊራ ገበያ ያነሳሁትን ፊልም ቤት ውስጥ አጥቤ መታጠቢያ ክፍል ሰቀልኩት። በማግስቱ ጠዋት አውርጄ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳነሳው በሚያብረቀርቀው ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ነጫጭ ቀለበቶች ተደርድረዋል። አንዱ ያረፈው ቅመም ሲሸጡ ያነሳኋቸው እናት ግንባር ላይ ነው። በጥፍሬ ጫፍ ነካ ሳደርገው ሻካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ከተጋገረው ነጭ ቅርፊት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ለዓመታት በዚያው ዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ፈሳሽ)፣ በዚያው ፊክሰር (ምስሉን በሚያጸናው ፈሳሽ)፣ በዚያው ታንክ ሳጥብ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። የተለወጠው ውሃው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማገኘውን የውሃ ዓይነት ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ አንዳንዱ ገንዘብ ጨረሰብኝ፣ አንዳንዱ ጊዜ፣ አንዳንዱ ደግሞ ካሰብኩት በላይ ጠቀመኝ። ይህን የምጽፈው የእኔን መንገድ ከባዶ መጀመር ለማይፈልግ ሰው ነው።

አንድ የቃል ጉዳይ አስቀድሜ ላንሳ። በአማርኛ «ፊልም ማጠብ» ስንል ከዴቨሎፐሩ ጀምሮ እስከ ማድረቁ ያለውን ሥራ በሙሉ ማለታችን ነው። ስለዚህ ፊክሰሩን ከፊልሙ ላይ በውሃ የምናስወግድበትን ደረጃ ብቻ ስጠቅስ «ማለቅለቅ» እላለሁ።

አንድ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በ290 ሚሊ ሊትር ታንክ አጥቦ ለማውጣት፣ በቁጠባ ከተሠራ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ይበቃል። ከዚህ ውስጥ በእርግጥ ንጹሕ መሆን ያለበት ከ600 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ የዴቨሎፐሩ ውሃና ፊልሙ ከመሰቀሉ በፊት የሚያርፍበት የመጨረሻው ውሃ ነው። የቀረው ከቧንቧ ቢቀዳ ፊልሙ አይጎዳም። ይህን ክፍፍል የማያውቅ ሰው ወይ ሁሉንም በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ልሥራ ብሎ በወጪው ይሰለቻል፣ ወይ ሁሉንም በቧንቧ ውሃ ሠርቶ ነጌቲቩን (የታጠበውን ፊልም) ያበላሻል።

ውሃችሁ ምን ዓይነት ነው?

ውሃ ጠንካራ የሚባለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲበዛበት ነው። በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በአንድ ሊትር እስከ 60 ሚሊ ግራም ያለበት ለስላሳ፣ እስከ 120 ድረስ መካከለኛ፣ እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ ይባላል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ ነው። ሳቢያን አካባቢ ካሉት ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ስለሚመጣ ማንቆርቆሪያውን፣ የሻወሩን ቀዳዳና የቧንቧውን ሆድ በነጭ ቅርፊት ይለብጠዋል። አዲስ አበባ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች የምታገኘው ውሃ ወደ ለስላሳነት ያደላል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚደርሳቸው ሰፈሮች ግን ልዩነቱን በጀበናቸው ላይ ያዩታል። መቀሌ ዙሪያ ከኖራ ድንጋዩ ሌላ ጂፕሰም ያለበት መሬት አለ፤ ውሃ ወደ ማፍላት ስንመጣ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ደግሞ የተለየ ጠባይ አላቸው፦ ካልሲየማቸው አነስተኛ፣ ሶዲየማቸውና ፍሎራይዳቸው የበዛ ነው። ሳሙና ጥሩ አድርጎ ያረፋባቸዋል፤ ሲደርቁ ግን ጨው ይተዋሉ።

ቤት ውስጥ መፈተሽ ቀላል ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ፣ ከልብስ ሳሙና ላይ በቢላ ጥቂት ፋቁበት፣ ከድናችሁ በኃይል ነቅንቁ። ለስላሳ ውሃ ወፍራም አረፋ ይሰጣል። ጠንካራ ውሃ አረፋውን ገድሎ እንደ እርጎ የተቆራረሰ ነጭ ነገር ያንሳፍፋል። የዱቄት ሳሙና ለዚህ አይሆንም፤ በጠንካራ ውሃም እንዲያረፋ ተደርጎ የተሠራ ነውና።

ለፊልም ከዚህ ይበልጥ የማምነው ሌላ ፈተና አለ። በንጹሕ መስተዋት ላይ ከእያንዳንዱ ውሃ አንዳንድ ጠብታ አኑሩ፣ ሳትነኩት ይድረቅ፣ ከዚያ መስተዋቱን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ተመልከቱ። መስተዋቱ ላይ ቀለበት የተወ ውሃ ፊልም ላይም ይተዋል። በውሃ ውስጥ ያለውን ጨው የሚለካ የኤሌክትሪክ ብዕር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ብዕሩ የሚለካው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው በሙሉ እንጂ ጥንካሬውን ለይቶ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ ውሃ በብዕሩ ከፍተኛ ቁጥር እያሳየ ለሳሙና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ለመጨረሻው ውሃ ብዕሩ ጥሩ ዳኛ ነው፤ እዚያ ላይ የሚያሳስበን የጨው ዓይነት ሳይሆን ከደረቀ በኋላ የሚቀረው መጠን ነው።

ዴቨሎፐር፦ የታሸገ ወይስ በቤት የተቀመመ?

በፋብሪካ ተዘጋጅተው የሚሸጡ አብዛኞቹ ዴቨሎፐሮች ካልሲየሙን ይዞ የሚያስር ንጥረ ነገር አስቀድሞ ተጨምሮባቸዋል። ስለዚህ ከታሸገ ዲ-76 ወይም ከኤችሲ-110 ጋር የቧንቧ ውሃ የከፋ ችግር አያመጣም። ችግሩ የሚጀምረው ጥሬ ኬሚካል ገዝተው ራሳቸው ለሚቀምሙ ነው። የዲ-76 ቅመም የታወቀ ነው፦ ለአንድ ሊትር 2 ግራም ሜቶል፣ 100 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት፣ 5 ግራም ሃይድሮኪኖን፣ 2 ግራም ቦራክስ። ይህን ያህል ሰልፋይት ከጠንካራ ውሃ ጋር ሲገናኝ ካልሲየም ሰልፋይት ሆኖ እንደ ደቃቅ ዱቄት ይዘቅጣል። የማለዳ ጭጋግ የመሰለ ጠርሙስ ካያችሁ ነገሩ ይህ ነው። ዝቃጩ ፊልሙ ላይ ተለጥፎ ሲቀር በህትመቱ ላይ ነጭ ብናኝ ሆኖ ይታያል።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ በተጣራ ውሃ መቀመም ነው። ሌላው በቧንቧ ውሃ ላይ፣ ከኬሚካሎቹ ሁሉ በፊት፣ ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት በሊትር 2 ግራም ያህል ማሟሟት ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ለወራት የሚቀመጥ ዴቨሎፐር ይሆናል፤ ተጨማሪ ኬሚካል ከማፈላለግ ይረክሳል። ኢዲቲኤ የሚባለው ኬሚካልም ካልሲየምን ያስራል፤ ነገር ግን በአስኮርቢክ አሲድ ለሚሠሩ ዴቨሎፐሮች አልመክረውም። ከብረት ጋር ሲጣመር የዴቨሎፐሩን መበላሸት ያፋጥነዋል።

በዚሁ ምክንያት ኤክስቶል የሚባለውን፣ ከአስኮርቢክ አሲድ ወገን የሆነውን የታሸገ ዴቨሎፐር የሚጠቀም ሰው ገንዘብ መቆጠብ የሌለበት እዚህ ላይ ነው። ከአሮጌ ቧንቧ የሚመጣ ጥቂት ብረት ወይም መዳብ ያዳክመዋል፤ ሲዳከም ደግሞ ቀለሙ ሳይለወጥ ጠርሙሱ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይሞታል። የምታውቁት ፊልሙ ባዶ ሆኖ ሲወጣ ነው። በተጣራ ውሃ ብቻ አዘጋጁት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የማቅጠኛውን ውሃ ነው። ሮዲናል የሚባለውን ወፍራም ዴቨሎፐር 1 ለ 50 ስታቀጥኑ ታንኩ ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉ የእናንተው ውሃ ነው። በጠንካራ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ባይካርቦኔት ደግሞ የዴቨሎፐሩን አልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒ የሆነውን ጠባዩን) ይነካካል፤ ቅጥነቱ በጨመረ ቁጥር ተጽዕኖው ይጎላል። አንድ ቀን በቧንቧ፣ ሌላ ቀን በዝናብ ውሃ፣ ሌላ ቀን በታሸገ ውሃ ያቀጠነ ሰው ነጌቲቩ ለምን አንዴ እንደሚጠቁር ሌላ ጊዜ እንደሚሳሳ ሊገባው አይችልም። ለዴቨሎፐር አንድ ውሃ ምረጡና በዚያው ጽኑ። መጠነኛ ጥንካሬ ያለው ግን የማይለዋወጥ ውሃ፣ በየጊዜው ከሚቀያየር ንጹሕ ውሃ ይሻላል፤ ፊልሙ ዴቨሎፐሩ ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት አንድ ጊዜ አስተካክላችሁ ትይዙታላችሁ።

ማቆሚያ፣ ፊክሰርና ማለቅለቅ

እዚህ ላይ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ማቆሚያው (የዴቨሎፐሩን ሥራ የሚያቆመው ፈሳሽ) አሲድ ስለሆነ ካልሲየሙን አሟሙቶ ይይዘዋል፤ አሲዳማ ፊክሰርም እንደዚያው ነው። አልካላይን ፊክሰር ለሚጠቀሙ ብቻ ውሃው ጠንካራ ከሆነ ዝቃጭ ሊገጥማቸው ይችላል።

ማለቅለቁም በጠንካራ ውሃ በደንብ ይሠራል። እንዲያውም ጨው ያለበት ውሃ ፊክሰሩን ምስሉን ከያዘው የፊልሙ ጄላቲን ውስጥ ለማስወጣት ያግዛል፤ የባሕር ውሃ ጨው ከሌለው ውሃ ፈጥኖ እንደሚያለቀልቅ ከታወቀ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ጨው በሌለው ውሃ መጨረስ ብቻ ያስፈልጋል። እንግዲህ ውድ የተጣራ ውሃችሁን እዚህ አታፍስሱት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማለቅለቅ ነውር ነው። የፊልም አምራቹ የኢልፎርድ ዘዴ በቂ ነው፦ ታንኩን ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥ፣ ውሃውን ቀይሮ 10 ጊዜ፣ እንደገና ቀይሮ 20 ጊዜ። ዘዴው የሚሠራው ጄላቲኑን የሚያጠነክር ኬሚካል ለሌለበት ፊክሰር ነው። የውሃው ሙቀት ከሌሎቹ ፈሳሾች ብዙ እንዳይርቅ ተጠንቀቁ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ሮቶ በቀጥታ የሚቀዳ የድሬዳዋ ውሃ ለጄላቲኑ በጣም ይሞቃል፤ እኔ ሌሊት በጀሪካን ቀድቼ ጥላ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሲያድር አሸዋና ዝገቱም ወደ ታች ይወርዳል።

የመጨረሻው ውሃ

ነጌቲቩ የሚድነውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ውሃ ሲተን የያዘውን ሁሉ ፊልሙ ላይ ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ ልመልከታቸው።

የተጣራ ወይም ዲስቲልድ የሚባለው ውሃ ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚተወው ነገር ስለሌለው ምልክት አይተውም። በከተሞቻችን በመኪና መለዋወጫ መደብሮች «የባትሪ ውሃ» እየተባለ ይገኛል። ነገር ግን ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ፤ በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ አንዳንዴም ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ፣ የባትሪ አሲድ ይሸጣል። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ጽሑፉን አንብቡ፣ ሻጩን ጠይቁ፣ ቤት ስትገቡ ደግሞ በጨው መለኪያ ብዕር ወይም በመስተዋት ጠብታው ፈትሹት። በእጅ የተሞላ፣ ማሸጊያ የሌለው ጠርሙስ ከሆነ እኔ አልገዛም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባችሁም፤ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ በጋሎን የሚሸጠውን ዲስቲልድ ማንሳት ነው። ለአንድ ፊልም 290 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አንድ ሊትር ሦስት ፊልም ያሳልፋል።

የዝናብ ውሃ የእኔ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከሰማይ የሚወርደው ውሃ በተፈጥሮው የተጣራ ነው፤ የሚያቆሽሸው ጣሪያችን ነው። ከቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አፍስሱት፤ አቧራውን፣ የወፍ ኩሱንና ዝገቱን ይዞ ይሄዳል። ከተቻለ ሰፋ ያለ ንጹሕ ሳፋ ሜዳ ላይ አስቀምጣችሁ በቀጥታ ተቀበሉ። ከዚያ በቡና ማጣሪያ ወረቀት አሳልፉት። በጨርቅ አታጥሩ፤ ጨርቅ ክር ይተዋል፣ ክሩም እርጥብ ፊልም ላይ ይለጠፋል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሐምሌና ነሐሴ የዓመቱን ቀለብ መያዝ ይችላል። ድሬዳዋ ግን ዝናቡ አጭር ነው፤ ሲመጣም ጎርፍ ሆኖ ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ ያገኘሁት ሌላ ምንጭ ከአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። ከአየር ውስጥ የተጨመቀ እርጥበት ስለሆነ ካልሲየም የለበትም። ነገር ግን የማሽኑን አቧራ፣ ሻጋታና ጥቂት መዳብ ወይም አሉሚኒየም ይዞ ሊመጣ ይችላል። አጥርቼ ለመጨረሻው ውሃ እጠቀምበታለሁ፤ ለዴቨሎፐር በፍጹም። ካጠራቀማችሁ በኋላ ሳምንት አታቆዩት፤ ይሸታል።

የፈላ ውሃስ? መልሱ በመሬታችሁ ላይ ይመሠረታል። ከኖራ ድንጋይ የሚመጣ ጥንካሬ አብዛኛው ባይካርቦኔት ነው፤ አሥር ደቂቃ ሲፈላ ካልሲየሙ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ከድናችሁ አሳድራችሁ ከላይ ያለውን ሳታናውጡ ቅዱ። በዚህ መንገድ የድሬዳዋ ውሃ በግልጽ ይሻሻላል። ከጂፕሰም የሚመጣ ጥንካሬ ግን ሰልፌት ስለሆነ በማፍላት አይወርድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠጥራል። መቀሌ ላይ ለዚህ ጋዝ አታባክኑ። የስምጥ ሸለቆው ሶዲየምም እንዲሁ ከፈላ በኋላ እዚያው ነው። ማፍላት የሚያድነን የተጣራ ውሃ ባጣንበት ቀን ነው፤ የዘወትር መንገድ ልናደርገው አይገባም።

የታሸገ የመጠጥ ውሃ የተጣራ ውሃ አይደለም። አንዳንዱ ማዕድኑ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሠራል፤ ጀርባውን ገልብጣችሁ የካልሲየሙን፣ የማግኒዥየሙንና አጠቃላይ የሟሟ ጨው ቁጥሩን አንብቡ፣ ዝቅተኛውን ውሰዱ። አምቦ ውሃን ለጉሮሯችሁ ተዉት፤ ማዕድን የሞላበት ነው።

ስለ ማጣሪያዎች አንድ አለመግባባት አለ። በቧንቧ ላይ የሚገጠም የከሰልና የጥጥ ማጣሪያ አሸዋና ሽታ ይይዛል እንጂ ጥንካሬን አይነካም፤ የሟሟ ነገር በወንፊት አይቀርም። ሆቴሎችና ቦይለር ያላቸው ድርጅቶች የሚገጥሙት በጨው የሚታደስ ማለስለሻ ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። ቧንቧውን ያድናል፣ ለዴቨሎፐርም ይጠቅማል፤ ለመጨረሻው ውሃ ግን ሶዲየሙም ሲደርቅ ምልክት ይተዋል። የሚተወው በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ እንደገና ዘፍዝፎ ማስለቀቅ መቻሉ ነው ማጽናኛው። በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈው፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ከሁሉም ይሻላል፤ አብዛኛውን የሟሟ ጨው ይይዛል። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ጥቂት ሊትር የሚደፋ መሆኑ ግን ያሳዝናል፤ የሚደፋውን ለማለቅለቂያ ካላዋላችሁት ነውር ነው። በወር ሁለትና ሦስት ፊልም ለሚያጥብ ሰው አይመከርም። ቤተሰቡ ለመጠጥ የገዛው ካለ ግን በደስታ ቅዱ።

በመጨረሻው ውሃ ላይ እንደ ፎቶ ፍሎ ወይም ኢልፎቶል ያለ ማርጠቢያ ፈሳሽ 1 ለ 200 ይጨመራል፤ ለ290 ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ሊትር ተኩል ማለት ነው። ሥራው ውሃው ጠብታ ሆኖ እንዳይቋጠር ዘርግቶ ማውረድ ነው፤ ካልሲየምን አያጠፋም። በጠንካራ ውሃ ላይ እየደጋገሙ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ የካልሲየሙ ምልክት ሳይጠፋ የሳሙናው ቅባት ይታከልበታል። አንድ ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ አውጡና ፊልሙን ሰያፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ውሃው በመሃል ምስሉ ላይ ከመውረድ ይልቅ ወደ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ይሄዳል። በጣት ወይም በመጥረጊያ መላግ አልወድም። በጠንካራ ውሃ አገር አንዲት የኖራ ቅንጣት መጥረጊያው ላይ ካለች ከአንደኛው ምስል እስከ ሠላሳ ስድስተኛው አንድ መስመር ትጭራለች፤ ጭረት ደግሞ አይታጠብም።

እኔ ብሆን

አዲስ አበባ የግድብ ውሃ የሚደርሰኝ ብሆን ሁሉንም ከቧንቧ ሠርቼ ለመጨረሻው ብቻ የክረምት ውሃ አስቀምጣለሁ። ድሬዳዋ ላይ የማደርገው ይህን ነው፦ ዴቨሎፐሩ በተጣራ ውሃ፣ መሃሉ በሙሉ ከጀሪካን፣ የመጨረሻው እንደ ኪሴ በተጣራ ወይም በማቀዝቀዣ ውሃ። መቀሌ ላይ የማፍላቱን ነገር ትቼ በቀጥታ የተጣራውን እገዛለሁ። ባቱ ወይም ሐዋሳ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው በሳሙናው አረፋ እንዳይታለል፤ የመስተዋቱን ጠብታ ይመን። ባለቀለም ፊልም የምታጥቡ ደግሞ የመጨረሻውን ፈሳሽ በተጣራ ውሃ አዘጋጁት፤ ከእሱ በኋላ በቧንቧ ውሃ አታለቅልቁ፣ ምስሉን የሚጠብቀውን ነገር ታስወግዱታላችሁ።

ቀድሞ ለተበላሸ ነጌቲቭ

የደረቀ የኖራ ቀለበት በአሲድ ይለቃል። ቀለም የሌለውን ነጭ አቼቶ፣ 5 በመቶ ከሆነ፣ ሁለት እጅ ከሦስት እጅ የተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ 2 በመቶ ገደማ ይሆናል። ፊልሙን በመጀመሪያ በተጣራ ውሃ አርሱት፣ በአቼቶው ሁለትና ሦስት ደቂቃ አቆዩት፣ ሳትፈትጉ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በተጣራ ውሃ አለቅልቁና በማርጠቢያው ጨርሱ። በሚያብረቀርቀው ጎን ያለ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። በኢመልሽኑ (ጄላቲኑ ባለበት፣ በማያብረቀርቀው ጎን) በኩል ጠብታ ቆሞ ጄላቲኑን እኩል ሳያደርቀው ከቀረ ግን ያ የኖራ ምልክት ሳይሆን የጄላቲኑ ቅርጽ መለወጥ ስለሆነ አቼቶ አይደርስበትም።

የቀፊራውን ፊልም በዚሁ መንገድ መልሼ አጠብኩት። የእኒያ እናት ግንባር ጠራ፤ ከሻሻቸው ጠርዝ አጠገብ ያለችው አንዲት ነጥብ ብቻ አልለቀቀችም፤ እሷ በኢመልሽኑ በኩል ነበረች።